ሦስተኛው ስም

«እኔ አልነግራትም» ያለው አባቷ ይሁን የጦር ጓደኛው ጋሽ ደረበ፣ አገኘሽ እስከ ዛሬ አልለየላትም። ያን ጊዜ ስድስት ወይም ሰባት ዓመቷ ነው። ወባ ጥሏት ሰሊጥ በሞላባቸው ጆንያዎች ላይ ተኝታ ሳለ፣ ከሣር ቤቱ ግድግዳ ማዶ ሁለት ወንዶች ሲነጋገሩ ሰማች። «ታዲያ ማን ይንገራት? ነፋስ ይንገራት?» አለ ሌላው። ክብሪት ተጫረ። «አብረን ከሄድን...» የሚል ነገርም ሰምታ ነበር፤ ወይም ትኩሳቱ ነው ያሰማት። የማን ሚስት ትሁን፣ የሞተው የትኛው ጓዳቸው ይሁን፣ የኋላ ኋላ ማን እሺ ይበል፣ ሁሉም ጠፍቶባታል። የቀረላት በማግስቱ ያየችው የሁለቱ ሰዎች ጀርባ ነው፤ ጎን ለጎን፣ እግራቸውን እኩል እያነሱ፣ በኮኪት አቧራ መንገድ ላይ ሲሄዱ።

አሁን ከሁለቱ አንዱ አፈር ገብቷል።

«አገኘሽ! ኧረ አንቺ ልጅ፣ እናትሽ እየተጣራች ነው» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠች ለቀስተኛ፣ ክርኗን ነካ አድርጋ።

አባቷ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የእድሩ ድንኳን በግቢው ሙሉ ተዘርግቶ ሙቀቱን ወደ ታች ይተፋል። እናቷ ስርጉት መሀል ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ጆሮዋ ከደከመ አሥር ዓመት አልፎታል፤ ራሷን ስለማትሰማ የምትናገረው ሁሉ ጩኸት ነው።

«ለሰጠኝ ተነግሮታል ወይ?»

ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። ሰጠኝ የአገኘሽ ታናሽ ወንድም ነው፤ ወታደር ከሆነ አምስት ዓመቱ።

«ይነገረዋል እማ!» አገኘሽ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብላ ጮኸች።

«መቼ? የአባቱ ሙት ዓመት ሲወጣ? ለአገሩ ሁሉ መርዶ ሲያደርስ ለኖረ ሰው፣ ለልጁ መርዶ የሚያደርስለት አንድ ሰው ይጥፋ?» ወደ ለቀስተኛው ዞረች። «ስሙኝማ! ሰጠኝ መጥቶ አባቱን ሳያለቅስ ይህ ድንኳን አይነቀልም!»

«ሰምተናል እቴ» አለ አንድ ሰው፣ ለራሱ ያህል።

አገኘሽ እጇን በነጠላዋ ሥር አስገብታ ደረቷን ዳሰሰች። ወረቀቱ እዚያው ነው።

ትናንት ነው ያገኘችው። ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጥ የአባቷን ፎቶ ፍለጋ የቆርቆሮ ሳጥኑን ስትከፍት። ፎቶው ከላይ ነበር፤ ጢም ያላበቀለ ወታደር፣ ኮፍያው ለራሱ የሰፋው፣ ሳቁን አፉ ውስጥ የያዘ። ከፎቶው ሥር አራት ላይ የታጠፈ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት። ሦስት ስም። ሁለቱ አጠገብ በእስክሪብቶ ምልክት ተደርጓል። ሦስተኛው አጠገብ ምንም የለም። ሰጠኝ አለነ ይላል። ቀኑ ሦስት ዓመት አልፎታል።

ሳጥኑን ዘጋች። ፎቶውን ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሰው አቅፏት ሲያለቅስ ስለ አባቷ ታለቅሳለች፤ ስለ ወንድሟ ለማልቀስ ግን የሚያቅፍ ሰው የለም።

አባቷ ሃምሳ አለቃ አለነ በወጣትነቱ አሥራ አንድ ዓመት ሰሜን ላይ ተዋግቷል። ጦሩ ሲበተን ከጋሽ ደረበ ጋር ሱዳን ገባ፤ ከወራት በኋላ ሁለቱ በአንድ ብርድ ልብስ በመተማ በኩል ተመለሱ። አለነ ባዶ እጁን ደጋ ወዳሉ ዘመዶቹ መውጣት አፍሮ ኮኪት ቀረ። የሰው ሰሊጥ አጨደ፣ የትራክተር ዘበኛ ሆነ፣ ሲቆይ የራሱን ቁራጭ መሬት መንጥሮ ያዘ። የፈረሰ ጦር ወታደር ነውና ሜዳሊያው ቀርቶ «እንኳን በሕይወት መጣህ» ያለው አልነበረም። እሱም ስለዚያ ጊዜ ትንፍሽ አላለም። የሰማዕታት ቀን ሲመጣ ሸሚዙን በከሰል ካውያ ተኩሶ ይለብስና፣ የትም ሳይሄድ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይውላል። «ምን ታደርጋለህ እዚህ?» ስትለው እናቷ፣ «ሰልፍ ላይ ነኝ» ይላታል።

ኋላ ሌላ ጦርነት መጣ። የኮኪት ልጆች ዘመቱ። የወደቁት ስም መድረስ ሲጀምር ወረቀቱን ይዞ ደጃፍ የሚያንኳኳ ሰው ጠፋ። በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ያሉት ወጣቶች እርስ በርስ ተገፋፉ። ያን ጊዜ አለነ ተነስቶ፣ «ለእኔ ስጡኝ» አለ። «ብሞት ለእናቴ ማን ይነግራታል እያልኩ ነው አሥራ አንድ ዓመት ያደርኩት።»

መርዶ ጧት ነው የሚነገረው፤ ሰው ወደየሥራው ሳይበተን፣ ጎረቤት ሊሰበሰብ በሚችልበት ሰዓት። አለነና ጋሽ ደረበ ጎህ ሲቀድ ይወጣሉ፤ አለነ ከፊት፣ ጋሽ ደረበ ከኋላ። ክርስቲያን ቤት ሲሆን ቄስ፣ እስላም ቤት ሲሆን ሼህ ይጨምራሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ አለነን በጧት ያየች እናት ሁሉ ወደ ቤቷ ትሸሽ ጀመር። ለቅዳሴ ሲሄድ እንኳ በር ይዘጋበታል። ይህን ሲያይ አንድ ብልሃት አመጣ። በሰላም በሚወጣበት ቀን ቢጫ ጀሪካን ያንጠለጥላል። እጁ ባዶ የሆነ ቀን ብቻ ነው መፍራት። ይህን ሕግ ለማንም አልተናገረም፤ አገሩ ራሱ አይቶ ለመደው።

«ስንት ዓመት ጠላሁት መሰለሽ አባትሽን!» አለቻት እትዬ ዘሀቢያ። ገበያው አፍ ላይ ሱቅ ያላት ሴት ናት። በፔርሙዝ ከርከዴ፣ የሱዳኖቹን የአበባ ሻይ፣ ይዛ መጥታ ከአገኘሽ ጎን ተቀምጣለች። ልጇ ሙነወር ከወደቁት የመጀመሪያው ነበር። «በሱቄ ሲያልፍ ጀርባዬን ነው የምሰጠው። ልጄን እሱ የገደለው ይመስል።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«እሱ ግን ወይ ፍንክች! ኢድ በመጣ ቁጥር በር ላይ ቆሞ 'ዘሀቢያ፣ እንኳን አደረሰሽ!' ይላል። ጀሪካኑን ከፍ አድርጎ እያሳየኝ እኮ ነው!» ሳቅ አመለጣትና አፏን በሻርፗ ሸፈነች። «አንድ ቀን ብሶኝ፣ 'አንተ ሰውዬ፣ ይህን ጀሪካን አንገትህ ላይ እሰረው፤ የረሳኸው ቀን ሁላችንንም በድንጋጤ ትፈጀናለህ' አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ። ወላሂ፣ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። በዚያው ታረቅን።»

ከርከዴውን ቀዳችላት። ቀይ ነው፣ ስኳር የበዛበት።

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አለች ዘሀቢያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እነዚህን ሦስት ዓመታት፣ በወር በወር፣ ጀሪካኑን ይዞ በገለጉ መንገድ ይወጣል። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ይመለሳል። ውኃው እዚህ፣ ቤተ ክርስቲያናችሁ እዚህ። የት ነበር የሚሄደው?»

አገኘሽ አላወቀችም።

ሌላ ነገር ትዝ አላት። አምና፣ ማሽላው ሲሸት፣ አባቷ የቆመ የትራክተር ተሳቢ ላይ ወጥቶ አይታዋለች። ስልክ የሚይዘው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ያወራል። «ቀይዋ ጊደር ወለደች... አዎ፣ ወይፈን... እናትህ ደህና ናት፣ ጆሮዋ ነው እንጂ።» ሮጣ ደርሳ «ሰጠኝ ነው? አባ፣ ስጠኝ ላናግረው!» ስትል ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ። «ተቋረጠ። ሰላም በሏት ብሏል» አላት። ያን ዕለት ማታ እናቷ ጆሮ ሥር እየጮኸ ሲነግራት ሰማች፤ ሰጠኝ መወፈሩን፣ ምግቡ እንደተስማማው፣ ጊደሯን ማን አዋለዳት ብሎ መጠየቁን። እናቷ እየሳቀች «ማን ሊያዋልዳት፣ እኔ ነኝ በለው!» አለች። አለነ ተመልሶ ወጣ። ውጪ ብዙ ቆየ።

ከቀትር በኋላ እንዳለው የሚባለው የእድሩ ዳኛ መጣ። ቀና ሰው ነው፤ ነገር ግን የራሱ ሰሊጥ ማሳ ላይ ቆሞ አለ። ጥቅምት ገብቷል፣ ሰሊጡ አፉን መክፈት ጀምሯል። ሁለት ቀን ካሳለፉት ፍሬው መሬት ላይ ነው የሚለቀመው። ድንኳኑ ውስጥ ያለ ወንድ ሁሉ ጆሮው ለቀሳውስቱ፣ ልቡ ማሳው ላይ ነው፤ ሰውም አይፈርድበትም።

እንዳለው አገኘሽን ወደ አጥሩ ወሰዳት።

«እህቴ፣ ነገ ሣልስቱ ነው። ከነገ ወዲያ አንድ ሰው እዚህ ላስቀምጥ ብል አልችልም። እናትሽ ደግሞ ያሉትን ሰምተሻል። ለሰጠኝ ደወላችሁ? የት ደርሷል?»

«ደውለናል» አለች አገኘሽ።

«እና?»

«ፈቃድ ጠይቋል። መኪና አላገኘም መሰለኝ። የአባቱን አሟሟት በጣም ነው የጠየቀው...»

ቃሉ ሳይደናቀፍ፣ ዝርዝሩን ራሱ እያመጣ ወጣላት። ተሳቢው ላይ ቆሞ የነበረውን ሰው ድምፅ በገዛ አፏ ሰማችው። እንዳለው «በል እንግዲህ፣ እግዜር ያድርሰው» ብሎ ትከሻዋን መታ አድርጎ ሄደ። እሷ አጥሩን ይዛ ቀረች። ዛሬ ይህን ካለች ነገም ትላለች። ከነገ ወዲያ ድንኳኑ ይነሳል፣ ሰዉ ይበተናል፣ እሷም ተሳቢው ላይ ትወጣለች።

ጋሽ ደረበ ከጧት ጀምሮ ድንኳኑ ውስጥ አልታዩም። የት እንዳሉ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ነጠላዋን አጥብቃ በማሽላው መሀል ባለው ቀጭን መንገድ ወደ አባቷ ማሳ ወረደች።

ሽማግሌው ብቻቸውን ሰሊጡን ያጭዳሉ። ጎንበስ ይላሉ፣ ያጭዳሉ፣ ነዶውን አስረው አፉን ወደ ሰማይ አድርገው ያቆማሉ፣ ወገባቸውን ይዘው ያርፋሉ። አሥራ ሰባት ነዶ ብቻ ቆሟል። ማሳው ሰፊ ነው።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ብቻዎን ሊጨርሱት ነው?»

«'ሰሊጤ ሲረግፍ ዝም ብሎ አየ' ይበለኝ?» አሉ ቀና ሳይሉ። «አባትሽ እንደሆነ ሞቶም አይለቀኝም። እዚያ ማዶ ስንገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህን ነው።»

ወረቀቱን አውጥታ ዘረጋችላቸው።

«ማንበብ አልችልም» አሉ ሳያዩት።

«ማንበብ አያሻም። ሦስተኛው ማን ነው?»

ማጭዳቸው ቆመ። ከሩቅ የትራክተር ድምፅ ይሰማል። ጋሽ ደረበ ፊታቸውን በክንዳቸው ጠረጉ።

«ያን ቀን ጧት ሁለት ቤት አደረስን» አሉ። «'ሦስተኛውስ?' አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና 'የሦስተኛው ቤት ሰዎች ሰሊጥ ላይ ናቸው፤ ይሰብስቡ' አለኝ። እሺ። ሰሊጡ ገባ። 'ሦስተኛውስ?' 'ጾም ላይ ናቸው፤ ይፈስኩ።' ፋሲካም አለፈ። አንድ ቀን እዚሁ ማሳ ላይ ቁጭ ብለን፣ 'አለነ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ሦስተኛው ቤት በየት በኩል ነው?' አልኩት። መለሰልኝ መሰለሽ? ተነስቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ጀርባውን እያየሁ ቀረሁ። በዚያ ነው ያወቅሁት።»

«ሦስት ዓመት!»

«በየወሩ ፍትሐት ያስፈታለት ነበር። እዚህ እንዳይሆን እናትሽ የክርስትና ስሙን ታውቃለች፤ አስቀዳሽ ይሰማና ይነግራታል። ገለጉ መንገድ ላይ ያለችው ትንሿ ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግሩ ይሄዳል። ሲመለስ ጸበል ይዞ ይመጣል፤ ይኸው፣ ጸበል ቀድቼ ነው ለማለት።» አማተቡ። «ለልጁ አልቅሼለት አላውቅም እኔ። እሱ እያለ እንዴት ላልቅስ? የሱ ልጅ ነው።»

አገኘሽ ነዶ ላይ እጇን አሳረፈች። ደረቁ ፍሬ ከውስጥ ሲንኮሻኮሽ ተሰማት።

«ለምን ግን? ለዘሀቢያ ነግሯል። ለስንቱ ነግሯል።»

«እንዴት እንደሚነግር አይተሽ አታውቂም» አሉ ጋሽ ደረበ። «እናቲቱን ያስቀምጣታል። እሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ስሙን ከነአባቱ ይጠራል። 'ሙነወር ኸሊፋ።' አለቀ። ጀግና ነበር የለ፣ ለአገሩ የለ። ስሙ በወጉ ከተጠራ ለወታደር ይበቃዋል ይላል። እስቲ የወንድምሽን ስም ጥሪው። ማለቂያው ላይ ማን አለ?»

አልጠራችውም። ገብቷታል።

«ደግሞ እናትሽ አትሰማ! ለሌላው ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ለሷ መጮህ ሊኖርበት ነው። በራሱ ደጅ ቆሞ፣ የልጁንና የራሱን ስም። ሞክሯል እኮ! አንድ ጧት ባዶ እጁን ከቤት ወጣ። እኔን ጠራኝ። ዞረን መጥተን በራችሁ ላይ ቆምን፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እናትሽ ብቅ ብላ 'ምነው፣ ምን ረሳህ?' አለችው።» ጋሽ ደረበ ማጭዳቸውን በእጃቸው አገላበጡ። «'ጀሪካኔን' አላት።»

ፀሐይዋ ወደ ሱዳን ዘንበል ብላ የነዶዎቹን ጥላ አስረዝማለች።

«ነገ ይንገሯት» አለች አገኘሽ።

«እኔ?»

«ነገ ጧት። ሣልስቱ ከመውጣቱ በፊት።»

«አርባው ይውጣ ልጄ። ባሏን ትጨርስ። ሁለት ሬሳ ባንድ ጊዜ...»

«አርባው ሲወጣ ማን አለ? ሁሉም ማሳ ላይ ነው። ነገ ግን አገሩ ሁሉ እዚህ ነው፤ እነዚያ አባቴ መርዶ ያደረሰላቸው እናቶች በሙሉ መጥተዋል። ወንድሜ የሚለቀስለት ነገ ብቻ ነው።» ድምጿ ተሰበረ፤ አላቆመችም። «አባቴ ብቻውን አለቀሰው። እርስዎ ብቻዎን ይዘውታል። እኔ ከትናንት ጀምሮ ብቻዬን ነኝ። እማም ብቻዋን መንገድ መንገድ ታያለች። ይህ ሁሉ ሰው ባንድ ግቢ ውስጥ!»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ መናገር አልችልም» አሉ ሽማግሌው፤ እንደ መለመን። «በሕይወቴ አንድ መርዶ ተናግሬ አላውቅም። የኔ ሥራ ከኋላ መቆም ነው። እሱ ይነግራል፤ እኔ ስትወድቅ እይዛታለሁ። ያን ያህል ነው የማውቀው። ማን ይያዛት እኔ ከተናገርኩ?»

«እኔ እይዛታለሁ።»

አዩዋት። አስተያየታቸው ትከሻዋን የሚመዝን ይመስል ነበር።

«እናትሽ ከባድ ናት» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ወደ ኋላ ነው የሚወድቁት። ሁልጊዜ ወደ ኋላ ነው። ጠጋ ብለሽ ቁሚ።»

«እቆማለሁ።»

ጋሽ ደረበ ወደ ማሳው ዞረው የቀረውን ሰሊጥ ቃኙ፤ የሚጠሩት ሰው ከዚያ መሀል ይወጣ ይመስል።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ጎህ ሲቀድ እመጣለሁ። ቄሱን አንቺ ንገሪ። ዘሀቢያንም አስቀድመሽ ንገሪያት፤ እናትሽ አጠገብ ትቀመጥ። እሷ ታውቅበታለች።»

አገኘሽ ወረቀቱን አጥፋ ልትመልስ ስትል፣ ክንዷን ያዙ።

«አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«ለአንቺ ማን ነገረሽ?»

«ወረቀቱ።»

«ወረቀት አይነግርም» አሉ። «ቁጭ በይ።»

ታጭዶ ባዶ በቀረው መሬት ላይ፣ በቆሙት ነዶዎች መሀል ተቀመጠች። ጋሽ ደረበ ማጭዱን አስቀመጡ። ተረከዛቸውን አገጣጠሙ፣ ወገባቸው እስከቻለላቸው ድረስ ቀጥ አሉ።

«ሰጠኝ አለነ» አሉ።

ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አይባልም። አገኘሽ ሁለት እጆቿን አፈሩ ላይ ጥላ አቀረቀረች፤ ትከሻዋ እስኪያርፍ ሽማግሌው ካሉበት አልተነቃነቁም። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ቀና አለች።

«ጮክ ይበሉ ጋሼ» አለች። «እማ እንዲህ አትሰማዎትም።»

ጋሽ ደረበ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ እንደገና ጠሩት።